የቁምሳጥን ሰደርያ

ቁምሳጥን ያሉት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው። የቤት ዕቃ ከቤት ወደ ቤት የሚያጓጉዙ ሰዎች ስም ሲያወጡ አይራቀቁም፤ ያዩትን ነው የሚሉት። ባለ ሦስት በሩን ቁምሳጥን በመጫኛ ጀርባው ላይ አስሮ፣ ብቻውን ከላይኛው ፎቅ ደረጃ ለደረጃ አውርዶ፣ መኪናው ላይ ካስቀመጠ በኋላ ግንባሩን በመዳፉ ጠረግ አድርጎ «ሌላስ?» ያለ ዕለት ስሙ ወጣለት። ከዚያ ወዲህ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ሰው ማግኘት ዘበት ነው። ሚስቱ እንኳ ደስ ሲላትም ሲከፋትም በዚሁ ነበር የምትጠራው። አንተ ቁምሳጥን፣ ከበሩ ላይ ዘወር በልልኝ፣ ብርሃኑን ጋረድከው ስትለው፣ እሱ ይባስ ብሎ ክንዱን ዘርግቶ በሩን ጥርቅም አድርጎ ይሞላው ነበር።

ሚስትየው መጋረጃ ሰፊ ናት። ከሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት አንዲት ክፍል ይዛ፣ የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር አቁማ፣ ለቢሮውም ለመኖሪያውም ለአዳራሹም ትሰፋለች። መጋረጃ ቀጥ ብሎ እንዲወርድና ነፋስ በገባ ቁጥር እንዳይበር፣ ከታች በሚታጠፈው ጫፉ ውስጥ ሳንቲም የምታክል ጠፍጣፋ ብረት ይሰፋበታል። ብረቷ ለመጠኗ ከባድ ናት። የሰፊ ጉብዝና የሚታየው ደግሞ ጫፉን በእጁ የሚዳብስ ሰው እንኳ ብረቱ የት የት እንዳለ እንዳያውቅ አድርጎ መስፋቱ ላይ ነው። በዚህ የሚስተካከላት አልነበረም። ምነው የሚስተካከላት በኖረ፣ ምነው እጇ እንደ ሌላው ሰው እጅ ስህተት የሚያውቅ በሆነ የሚያሰኝ ነገር የመጣው ኋላ ነው።

የባሏን ልብስ የምትሰፋውም እሷ ነበረች፤ በእሱ ትከሻ ልክ የተሰፋ ልብስ የሚሸጥ ሱቅ የለምና። ከልብስ ሁሉ ሰደርያ ይወዳል። ወፍራም ቡናማ ጨርቅ፣ ውስጡ የሚያዳልጥ ገበር፣ ፊት ለፊቱ ትልልቅ ቁልፍ። ሸክም ላይ እንኳ አያወልቀውም፤ ወገቤን ደግፎ ያቆምልኛል ይላል። ጓደኞቹ ሶፋ የሚሸከም ሚኒስትር አየን እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ይኮራ ነበር እንጂ አይቆጣም።

ነገሩ የጀመረው በሳል ነው። ሳሉ አልለቅ አለ፤ ደም ቀላቀለ፤ ሐኪም ቤት ተኬደ፤ ሳንባው ላይ ካንሰር ተገኘ። እሱም ይህን ሰምቶ፣ ከባድ ዕቃ ሲያሳዩት እንደሚያደርገው ትከሻውን አንዴ ሰበቅ አደረገና፣ እሺ፣ ከየት ነው የምንጀምረው አላት ዶክተሯን። መድኃኒቱ በየጊዜው በደም ሥሩ እየገባ እንዲታከም ተወሰነና ተጀመረ።

በሽተኛ ቢከሳ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሁሉም ይጠብቀዋል። የእሱ ግን መክሳት ሳይሆን መፍረስ ነበር። መጀመሪያ የሄደው ትከሻው ነው። ከዚያ ክንዱ ሟሸሸ፣ ከዚያ ጭኑ፣ ከዚያ ከጆሮው በላይ ያለው የግንባሩ ጎን ሳይቀር ጎደጎደ። ጡንቻው ከአጥንቱ ላይ እየተነሳ የት እንደሚሄድ ሳይታወቅ ቆዳው ብቻውን ተንጠልጥሎ ቀረ። ከወንበር ለመነሳት ጠረጴዛ መያዝ ጀመረ። የሻይ ማንቆርቆሪያ በሁለት እጁ ማንሳት ጀመረ። ሚስቱ ይህን ከማንም በፊት አይታዋለች፤ ሰውን በዓይኗ የምትለካ ሴት ናት።

ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ከመኝታ ቤት ሲወጣ ያየችው ዕለት ግን አንጀቷ አልቻለም። ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል ሱሪውን ይዛ ወደ ሥራ ቤቷ ወረደችና አጠበበችው። በሌላ ቀን ሸሚዙን፣ ቀጥሎ ሰደርያውን። አንድም ቀን አልነገረችውም፤ አንድም ቀን አልጠየቃትም። ጠዋት ለብሶ መስተዋቱ ፊት ይቆምና፣ ልክ ነኝ እኮ ይላል። እሷም፣ ልክ ነህ ትላለች። ሁለቱ መዋሸት የተለማመዱት እንዲህ ነው። ትልቁ ውሸት ሲመጣ እጃቸው ተፍታትቶ ነበር።

በዚህ መሀል ታላቅ እህቱ መጣች። እትዬ ይሏታል፣ ባልም ሚስትም። ድስቷን እንኳ ሳታስቀምጥ ወንድሟን ከላይ እስከ ታች አየችና ወደ ሚስትየው ዞራ፣ ለመሆኑ ምን እያበላሽው ነው እንዲህ ያደረግሽው አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምድጃው የእትዬ ሆነ። የአጥንት ሾርባ፣ የዶሮ ሾርባ፣ የአትክልት ሾርባ፤ በሾርባ የሚድን በሽታ ቢሆን ኖሮ ቁምሳጥን ያኔውኑ ተነስቶ ሕንፃውን ራሱን ይሸከመው ነበር። እህቱን ላለማስከፋት ይጠጣል፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውኃውን ከፍቶ ይመልሰዋል። ዶክተሯ፣ ይሄ የረሃብ መክሳት አይደለም፣ በሽታው ነው ሰውነት የራሱን ጡንቻ እንዲያፈርስ የሚያደርገው፣ ምግብ ብቻውን አይመልሰውም ብላ ነግራቸዋለች። እትዬ ይህን ስትሰማ፣ የተማረ ሰው ሲያቅተው ስም አያጣለትም አለችና ሌላ ድስት ጣደች።

ሐኪም ቤቱ ውስጥ፣ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ሁልጊዜ ሚዛን ላይ መውጣት አለ። ሚዛኑ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ነው የቆመው። ነርሷ ኮትና ጫማ ታስወልቅና ቁጥሩን ጮክ ብላ ታነባለች። እሱ ቁጥሩ ሲነበብ ግድግዳ ግድግዳውን ያይ ነበር። አንድ ቀን ዶክተሯ ቁጥሩን ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈችና፣ ዓይኗን ከዚያው ሳታነሳ፣ «ክብደትዎ ከዚህ በታች ከወረደ መድኃኒቱን ማቆም አለብን» አለች። ቀጣዩ ታካሚ አንገቱን በበሩ አስግጎ ነበር። ሌላ ነገር አልጨመረችም፤ እነሱም አልጠየቁም።

አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱን ይዞ ተቀመጠ። ሚስቱ እጇን ጉልበቱ ላይ ብታደርግ የጨበጠችው ጉልበት ሳይሆን አጥንት ነበር።

«ሰው ቤት ሲለቅ አለቃችን ዕቃውን ዞሮ ያያል» አላት ድንገት። «የሚጫነው ይጫናል። እግሩ የተሰበረ፣ ጀርባው የበሰበሰ ሲያገኝ፣ ይሄ ይቅር ይላል። ባለቤቶቹም ቆመው እያዩ ምንም አይሉም። እኛም ባዶ ቤት ውስጥ ጥለነው፣ በሩን ዘግተን እንሄዳለን። ስንቱን ጥዬ እንደመጣሁ ታውቂያለሽ?»

አንተ ዕቃ ነህ እንዴ ብላ ልትቆጣው ፈለገች። እሱ ግን ገና አልጨረሰም ነበር።

«የመጋረጃሽን ብረት ሰደርያዬ ውስጥ ስፊልኝ።»

ቀልዱን መስሏት ሳቀች። አልቀለደም። ከዚያ በኋላ ያለችውን ሁሉ አለች፤ ሐኪም ይታለላል ወይ፣ ሚዛን ይዋሻል ወይ፣ እንደ ሰው ገብተን ዶክተሯን ብንጠይቃት ምናለ። እሱ የመለሰላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠይቀናት፣ አዎ ይቅር ብትለንስ? እሺ አለችው። እውነቱን ለመናገር፣ እሺ ያለችው እሱን ብላ ብቻ አልነበረም። የዶክተሯን መልስ እሷም ፈርታዋለች። ሰው የፈራውን ነገር ከመጠየቅ ይልቅ መስፋት ሊቀልለው ይችላል፤ መስፋት ደግሞ ታውቅበታለች።

እትዬ ገበያ በወጣችበት ረፋድ ሰደርያውን ይዛ ወደ ሥራ ቤቷ ወረደች። ገበሩን ከታች ፈታች፣ ብረቶቹን በጨርቅ ኪስ ኪስ አድርጋ በጎንና በጎኑ ደረደረች፣ እንዳይንሿሿ እያንዳንዱን ለብቻው ጠቅጥቃ ሰፋችው፣ ገበሩን መለሰች። ከዚያ እንደ ደንበኛ ዓይኗን ጨፍና ዳበሰችው። የሚገኝ ነገር አልነበረም። ሥራዋ አኮራት፤ ኋላ ራሷን ከጠላችበት ነገር ሁሉ ይቺ ኩራት ነች የባሰችባት።

በቀጠሮው ቀን እትዬም አብራ ሄደች። ነርሷ ኮት ይውለቅ አለች፤ ወለቀ። ጫማ አለች፤ ወለቀ። ሰደርያውን ስታይ፣ ይበርደኛል እህቴ አላት። ነርሷ ክፉ ሰው አይደለችም፤ የከሳ ሰው ሲበርደው አይታለች። ተወችው። ሚዛኑ ላይ ወጣ፤ ቁጥሩም ተነበበ፤ ጨምሯል። ዶክተሯ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አነሳች።

በጣም ጥሩ ነው፣ ምን እየሰጧቸው ነው ብላ ጠየቀች። ሚስትየው አፏን ሳትከፍት እትዬ አፏን ሞልታ፣ ሾርባ አለች። ዶክተሯም ሳቅ ብላ፣ ይቀጥሉበት አለቻት። ከዚያም ክብደታቸው ስለጨመረ የመድኃኒቱን መጠን በዚያው ልክ ከፍ አደርገዋለሁ ብላ ጻፈች። ባልና ሚስቱ ይህን ሲሰሙ ተያዩ። ሽልማት ነበር የመሰላቸው፤ ከፍ ያለ መድኃኒት የተሻለ መድኃኒት አይደለም ወይ?

እትዬ መድኃኒት ቤቱ ጋ ተሰልፋ ሳለ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። እሱ ሰደርያውን መታ መታ አደረገና፣ ሾርባ አለ የእህቱን ድምፅ አስመስሎ። ሚስቱ አፏን በነጠላ ጫፍ ያዘች። እሱ ግን መያዝ አልቻለም፤ ሳሉ እስኪያንቀው፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ስቆ አያውቅም። ያቺን ሳቅ ብላ ነው፣ ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ እያየች ያላየች የሆነችው።

መጣም። አፉ ውስጡ ቆስሎ ውኃ እንኳ የሚያቃጥለው ሆነ። የእጁ መዳፍ ተላጠ። ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል። መድኃኒት ነውና ያማል፣ በሽታውንም እየመታው ነው ማለት ነው አሉ፤ ይህንንም ለራሳቸው የነገሩት ራሳቸው ናቸው። ጡንቻው መፍረሱን አላቆመም። በእያንዳንዱ ቀጠሮ እሱ የቀነሰውን እሷ ትጨምራለች፤ ጎኑ ሲሞላ በጀርባው፣ ጀርባው ሲሞላ በሱሪው ወገብ። እሱ እያለቀ ሰደርያው እየከበደ ሄደ። በመጨረሻ ከቤት ለብሶት መውጣት ስላቃተው በላስቲክ ይዛው ትሄድና ሐኪም ቤቱ መጸዳጃ በር ላይ ታለብሰው ጀመር። ቁልፎቹን ስትቆልፍለት በሩን ይዞ ይቆማል። ሦስት በር ያለው ቁምሳጥን ያወረደው ሰው ሰደርያ መሸከም አቃተው።

አንድ ቀን ይብቃ አለች። ዶክተሯ ፊት ቁጭ ብለው፣ ዶክተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት ብላ ጀመረች። እሱ ከጠረጴዛው ሥር የእጇን አንጓ ያዛት። የቀረው ጉልበት ምንም አልነበረም፤ ብትፈልግ በሁለት ጣቷ ታላቅቀው ነበር። አላላቀቀችውም። ዶክተሯ፣ ምን ነበር ስትላት፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎታል ብላ ነገሩን አዞረችው። ዶክተሯም የእንቅልፍ መድኃኒት ጨመረች።

በሚቀጥለው ሳምንት ቁርስ ላይ ብርጭቆውን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ ከወንበሩ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ቀረ። ቀጠሮው የዚያኑ ዕለት ስለነበረና እትዬም አብራ ልትሄድ ስለተነሳች፣ ሐኪም ቤት ስታለብሰው እንዳታያት ብላ ያን ጠዋት ሰደርያውን ቤት ውስጥ አልብሳው ነበር። እትዬ ኡኡ ስትል ጎረቤት ተሰበሰበ፤ መኪና ተጠራ፤ ሰደርያውን ልታወልቅለት ጊዜም ዕድልም አላገኘችም። ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ በመጋረጃ ከለሉትና ልብሱን አወለቁት። ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ከባድ ነገር ወለሉ ላይ ዷ ሲል ሰማች።

ዶክተሯ ለብቻዋ ወደ ክፍሏ ጠራቻት። ሰደርያው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ገበሩ በመቀስ ተቀዶ ብረቶቹ ተበትነዋል። ሚስትየው መጀመሪያ ያየችው ገበሩ ተጣሞ መቀደዱን ነው፤ በስፌቱ ላይ ሄደው ቢፈቱት ምን ነበር ብላ አሰበች። ሰው አእምሮው ሲፈራ የት የት ይሄዳል።

«ይሄን የሰፋው ማነው?» አለች ዶክተሯ።

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ክብደቱ ከወረደ መድኃኒቱን እናቆማለን ስላሉን።»

ዶክተሯ ተቀመጠች። ለጥቂት ጊዜ ብረቶቹን በጣቷ ስትገፋ ቆየችና ቀስ ብላ አስረዳቻት። መድኃኒቱ የሚለካው በታካሚው ክብደት ነው። እስካሁን ሲለካ የኖረው ለሰውየውም ለብረቱም ነው። ደህና ጡንቻ ያለው ሰው እንኳ የማይችለውን፣ ጡንቻው ላለቀ ሰው ሲሰጡት ከረሙ። አሁን ደሙ ውስጥ በሽታ የሚከላከልለት ነገር አልቋል፤ ኩላሊቱም እየደከመ ነው።

«ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ መጠኑን ቀንሼ እሰጣቸው ነበር» አለች። «ትንሽ ያርፋሉ፣ በርታ ሲሉ ደግሞ እንጀምራለን። ማቆም ማለት እኮ መተው አይደለም።»

«ያድነው ነበር?»

«አያድናቸውም። ግን ጊዜ ይኖራቸው ነበር። ደህና ጊዜ።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዶክተሯን፣ በዕድሜ ልጇ ብትሆንም፣ እርስዎ ነበር የምትላት። ያኔ ግን ደም ሥሯ ተገታትሮ፣ «አንቺ እኮ አላልሽም» አለቻት። «ማቆም ነው ያልሽው። ያን ቀን ቀና ብለሽ እንኳ አላየሽንም።»

ትከራከረኛለች ብላ ጠበቀች። ብትከራከራት፣ ብትቆጣት፣ ለፖሊስ እነግራለሁ ብትላት፣ የምትጠላው ሰው ታገኝ ነበር። ዶክተሯ ግን አንገቷን ደፍታ፣ አዎ፣ አላልኩም አለች። ይህችንም ነፈገቻት። ነርስ መጥታ ዶክተሯን ጠራቻት። ስትወጣ ሰደርያውንና ብረቶቹን በላስቲክ አድርጋ ሰጠቻት። ሚስትየው ለእህቱ ምንም እንዳትናገር ለመነቻት፤ ዶክተሯም እሺ አለች።

መድኃኒቱ ቆመ። እትዬ በኮሪደሩ ላገኘችው ሁሉ፣ ሊጠይቁ ለመጡት የሥራ ጓደኞቹም፣ ወንድሜ ከሳ ብለው መድኃኒቱን ከለከሉት እያለች ታለቅሳለች። በሾርባዬ መልሼው ነበር እኮ፣ ዶክተሯ ራሷ መስክራለች ትላለች። ሚስትየው ግድግዳ ተደግፋ ትሰማታለች። ምን ብላ ታስተባብል? ሾርባሽ አልነበረም፣ ብረቴ ነው ልትላት?

እሱ ከነቃ በኋላ ዶክተሯ ምን እንዳለች ጠየቃት። በሽታው ጠንቶ ነው አለች። እሱም በቆሰለ ከንፈሩ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ያ ሰደርያ ባይኖር ገና ድሮ ጥለውኝ ነበር» አላት። «አንቺ ነሽ ያቆየሽኝ።»

መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች። የክፍሉ መጋረጃ ብረት አልተሰፋበትም፤ ነፋሱ እንዳሻው ያንገላታዋል። ልትጮህ ምንም አልቀራትም ነበር። ሰው ሲሰድባት የምትመልሰው አታጣም፤ ምስጋና ግን እንዲህ ያለውን አታውቅበትም። ዞር ስትል አሁንም እያያት ነው።

«አንድ የመጨረሻ ነገር» አለ። «ስሞት የሚያነሱኝ አለቃዬና የሥራ ጓደኞቼ ናቸው። ዕቃ ማንሳት ሥራቸው ነው፤ ገና ሲነኩት ምን ያህል እንደሚመዝን ያውቁታል። እንደ ባዶ ካርቶን ብድግ እንዳያደርጉኝ።»

ሁለተኛ ብረት የሚባል ነገር እንዳታነሳብኝ ብላ ተቆጣችው። ድምፅዋ ከፍ ብሎ አጠገቡ የተኛው በሽተኛ ሳይቀር ዞሮ አያት። እሱም ከዚያ በኋላ ደግሞ አላነሳባትም፤ ብቻ እሷ በገባች ቁጥር አንዴ በዓይኑ ይጠይቃታል።

ጠዋት ላይ ሞተ። እትዬ ሾርባ በፔርሙስ ይዛ በደረጃው እየወጣች ነበር። ከገባች በኋላም ፔርሙሱን ከእጇ የሚቀበላት ሰው ስላልተገኘ እንደያዘችው ተቀመጠች። አስክሬኑ ወደ ቤት ተወሰደ።

ሚስትየው ምድር ቤት ወርዳ በሯን ከውስጥ ዘጋች። ላስቲኩን ፈታች። የተቀደደውን ገበር ጥላ አዲስ ቆረጠች። ብረቶቹ አልበቁም፤ ለአንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ መጋረጃ ያዘጋጀቻቸውን በሙሉ ከነሳጥኑ አወጣች። የበፊቱን እጥፍ የሚያህል ክብደት ነው የሰፋችው፤ በደረቱ፣ በጀርባው፣ በጎኑ። እየሰፋች ትሳደብ ነበር። እሱን ትሳደባለች፣ ዶክተሯን ትሳደባለች፣ በዚያን ቀን አንገቱን በበሩ ያሰገገውን ታካሚ ሳይቀር ትሳደባለች፤ ከሁሉም በላይ እጇን። ስትጨርስ ወጥታ፣ ሰው ሳያያት ከከፈኑ ሥር አለበሰችው። የፊተኛው ውሸቷ ገድሎታል። የአሁኑ ቢያንስ የሚገድለው ሰው አልቀረም።

አለቃቸው ቀስ በሉ ይባላል፤ ዕድሜውን ሙሉ ደረጃ ላይ ሲለው የኖረው ቃል ስሙ ሆኖበት ነው። ተሸካሚ ልጆቹን እንደ ማንኛውም ከባድ ዕቃ አሰለፋቸው፤ ረጃጅሞቹን ከታች፣ አጫጭሮቹን ከላይ። ሊያነሱ ሲጎነበሱ ፊታቸውን አየች። ቀላል ነገር ሊያነሱ የተዘጋጁ፣ ቀድመውም ያፈሩ ፊቶች ነበሩ። የሬሳ ሳጥኑ ብድግ አላለም። አንዱ ልጅ ኧረ ብሎ እግሩን አስተካከለ። «ቀስ በሉ» አለ ቀስ በሉ። በደረጃው መታጠፊያ ላይ አጋድለው ሲያዞሩት የሁሉም አንገት ደም ሥር ተወጣጥሮ፣ ላብ በጆሯቸው ሥር ይወርድ ነበር። ምድር ሲደርሱ አንደኛው፣ ከስቷል ያሉን እነማን ናቸው አለ። ቁምሳጥን እኮ ነው አለ ሌላው፣ እያለቀሰ። እትዬ ይህን ሰምታ ደረቷን መታች፤ አልኳችሁ እኮ አለች፣ እኔ ሳበላው ነው የኖርኩት።

ከቀብር መልስ ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲወጣ ሚስትየው የሥራ ቤቷ ደጃፍ ላይ ቀረች። ቀስ በሉ ወደ ኋላ ብሎ አጠገቧ መጥቶ ቆመ። ትከሻውን እያሸ ነበር።

«መታጠፊያው ላይ ስናጋድለው ክብደቱ ሁሉ ወደ ደረቱ መጣ» አላት በለሆሳስ። «ምን ከተትሽበት?»

«የመጋረጃ ብረት። ራሱ ነው የለመነኝ።»

ራሱን ከላይ ወደ ታች ነቀነቀ። ልጆቹ እንዳላወቁ፣ እሱም እንደማይነግራቸው ነገራት፤ ደግ አደረግሽ፣ እህቴ አላት። ሊሄድ አንድ እርምጃ ተራመደና አንድ ነገር እንደ ቆጨው ሰው ተመለሰ።

«ምነው ይቺን ብልሃት ያኔ ለሐኪሞቹ ባደረግሽባቸው» አለ። «ከሳ ብለው መድኃኒቱን ባላቆሙበት ነበር። እስካሁን አብሮን በሆነ።»

ቀና ብላ አየችው። ተንኮል የሌለበት፣ በእንባና በላብ የራሰ ፊት ነው። ከላይ እትዬ ሾርባው ሳይበርድ ኑ ብሉ እያለች ትጣራለች።

«አላሰብኩትም» አለችው።